ውሻ ስለ ማስታመም

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ የዛሬውን ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፈ ማግሥት፣ አንድ ሰው ከሥሩ በእርሳስ «የተማረ ሰው ሥራ ሲያጣ ውሻ ያስታምማል» ብሎ ጽፎበት አገኘን። የእጅ ጽሕፈቱን ስላላወቅነው በስሙ ልናመሰግነው አልቻልንም። ነገር ግን ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነበርና ባለዕዳዎቹ ነን። ሰው ታሞ አልጋ በሚያጣበት አገር ውሻን ማስታመም ተገቢ ነውን? ይህን ጥያቄ ሰባት ሳምንት ሙሉ ይዘነው ስንዞር ከረምን፤ ዛሬም ይዘነው መጥተናል።

በቋንቋችን ሐኪም ያክማል፤ ቤተ ሰብ ግን ያስታምማል። ማከም ዕውቀትና መሣሪያ ይጠይቃል። ማስታመም የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ውሃ ማቅረብ፣ ትውከት መጥረግ፣ ሌሊት ተነሥቶ ትንፋሽ ማዳመጥ። ይህንን ቃል ለውሻ ያዋልነው ሌላ ቃል ጠፍቶን ሳይሆን የሠራነው ሥራ ይኸው ስለ ነበረ ነው። ያከሙት ሌላ ሰው ናቸው፤ ስለ እርሳቸውም እንናገራለን።

እኛ በብሥራተ ገብርኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ በማይርቅ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ውሻውን አላመጣነውም፤ ከግቢው ጋር አገኘነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ትተውት ሄደው ነበር። ስሙ መቻል ይባላል። ስሙን ያወጡለት የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ናቸው። በዚያን ጊዜ በአጥር ምክንያት ከጎረቤት ተጣልተው ነበርና ፊት ለፊት መነጋገር አልፈለጉም። በአገራችን ለውሻ ስም ማውጣት አንዱ የመልእክት መላኪያ መንገድ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ጧትና ማታ በአጥሩ ሥር «መቻል! ና መቻል!» ሲባል መልእክቱ የተላከለት ሰው ይሰማል። የአጥሩ ጠብ ከበረደ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ስሙ ግን ቀረ። የሰፈሩ ልጆች በእግር ኳሱ ክለብ ስም የተጠራ ስለሚመስላቸው ክለቡ በተሸነፈ ቁጥር ውሻውን ያጽናኑታል።

ሕመሙ የታወቀው ዘንድሮ በጥር ወር፣ በ19 ዋዜማ ነው። እትዬ በገብርኤል ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ ስለሚመጣባቸው ግቢውን ሲያጥቡ በደረጃው ላይ የደም ጠብታ አዩ። አጠቡት፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደ ገና ነበረ። መቻል ኀፍረተ ሥጋውን ዘወትር ይልስ ነበርና ተጠግተን ብናይ፣ እንደ አበባ ጎመን የተቆራረሰ፣ ሲነካ የሚደማ ሥጋ በቅሎበታል። ውሻው ይበላል፤ ይጮኻል፤ ጅራቱንም ይቆላል። ከደሙ በቀር የታመመ አይመስልም ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። አንዱ «አብዷል፤ ሳይናከስ አስወግዱት» አለ። ሌላው ከቀለበት መንገድ ማዶ ወስደን እንድንጥለው መከረን። በሥጋ ውስጥ ስለሚደረግ መርዝ ዘርዝሮ ያስረዳን ሰውም ነበር፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ በእርሱ ዘንድ ለውሻ የሚደረገው የመጨረሻው ደግነት ይኸው ነው። እትዬ ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ደም የሚያንጠባጥብ ውሻ አይኖርም። ወይ አድኑት፣ ወይ ውሰዱት» አሉን። ይህ ፍርድ ትክክለኛ መስሎ ታየን። የእብድ ውሻን በሽታ መፍራት ስሕተት አይደለም፤ በአገራችን ሰው የሚገድል በሽታ ነው። መቻል ግን ክትባቱን በየዓመቱ የሚወስድ ውሻ ነው፤ ወረቀቱም በእትዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

በማግሥቱ በሰፈራችን አካባቢ ወዳለች አንዲት አነስተኛ የእንስሳት ሕክምና ቤት ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቁ ናቸው። ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ ነው፤ ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ ብዙዎቻችን መኖሩን እንኳ እንረሳዋለን። ሐኪሟ ከበቀለው ሥጋ ላይ አንድ የመስተዋት ቁራጭ ጫን አድርገው አነሡ፤ ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ፤ ከዚያም እኛን ተራ በተራ አስጠግተው አሳዩን። ክብ ክብ የሆኑ ሕዋሳት፣ በውስጣቸውም እንደ አረፋ ያሉ ባዶ ነጥቦች ነበሩ። «ነቀርሳ ነው» አሉን፤ ዛሬ ሁላችንም ካንሰር የምንለው ማለት ነው። ከመካከላችን አንደኛው ወዲያው ወደ ውጭ ወጣ። ምክንያቱን ኋላ እንናገራለን።

ሐኪሟ ቀጥለው የነገሩን ነገር ለእኛ እንግዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ያገኘነውን ሁሉ አንብበንበታል። ይህ ነቀርሳ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ነው። የሚያስተላልፈው ተሐዋሲ አይደለም፤ የነቀርሳው ሕዋሳት ራሳቸው በግንኙነት ጊዜ፣ አንዳንዴም በመላስና በማሽተት፣ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ተሻግረው እንደ ችግኝ ይተከላሉ። እ.ኤ.አ. በ1876 ኖቪንስኪ የተባለ የሩሲያ የእንስሳት ሐኪም የዚህን ዕጢ ቁራጭ ከአንዱ ውሻ ወስዶ በሌላው ላይ በመትከል አብቅሎታል። ከዚያ በፊት ነቀርሳን ከእንስሳ ወደ እንስሳ ማሻገር እንደሚቻል ያስረዳ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ተመራማሪዎች የዕጢውን ዘር መርምረው፣ የተሸካሚው ውሻ ዘር አለመሆኑን አረጋገጡ። በእያንዳንዱ በሽተኛ ውሻ ላይ የሚገኘው ዕጢ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ከኖረ ከአንድ ውሻ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከልዩ ልዩ አገሮች በተሰበሰቡ ከ500 በላይ ዕጢዎች ላይ የተደረገው ጥናት ያ የመጀመሪያው ውሻ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት ባለው ጊዜ በፊት፣ ምናልባትም በእስያ፣ እንደ ነበረ ይገምታል።

እንግዲህ አስቡት። ያ ውሻ ሞቶ አጥንቱ አፈር ከሆነ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ የገላው አንድ ክፍል ግን ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ፣ አህጉርን እያቋረጠ፣ ብሥራተ ገብርኤል ድረስ መጥቶ በእትዬ ደረጃ ላይ ደም አንጠባጠበ። የታሪክ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ይህን በሰማ ጊዜ «ከአክሱም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ነገር በግቢያችን አለ» ብሎ ለሁለት ቀን ያህል በኩራት ሰነበተ። እንዲህ ያለው ተላላፊ ነቀርሳ በዓለም እጅግ ጥቂት ነው፤ ከውሻው ሌላ በአውስትራሊያ በታዝማኒያ ደሴት በሚኖር አንድ አውሬና በአንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶች ላይ ተገኝቷል። ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በሰፈራችን ስንት ጊዜ እንደ ተናገርነው ቁጥሩ ጠፍቶብናል።

ሁለተኛው የሐኪሟ ቃል ከመጀመሪያው ይልቅ አስደነቀን፤ «ይድናል» አሉ። ነቀርሳ የሚለውንና ይድናል የሚለውን ቃል በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ ሰምተን አናውቅም ነበር። መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል። የተገኘው ትውልዷ ማዳጋስካር ከሆነች፣ ሮዝ አበባ ከምታወጣ ትንሽ ተክል ነው፤ በአሜሪካ ለሰው ሕክምና እንዲውል የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። አብዛኞቹ ውሾች ከአራት እስከ ስምንት ባሉ ሳምንታት ውስጥ ይድናሉ።

ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ «ይህ መድኃኒት ለሰውም ይሰጣል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይሰጣል። የደም ነቀርሳ ለያዛቸው ሕፃናት ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ቤት የተመለስነው ዝም ብለን ነው።

ያን ዕለት ወደ ውጭ የወጣው ጓደኛችን አክስት ነበሩት፤ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ኮልፌ ዘመድ ቤት ተቀምጠው፣ በአንድ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ተራ የሚጠብቁ። እኛ ሦስታችን በዚያ ማታ ስለ ፍትሕ ብዙ ተከራከርን፤ እርሱ አልተከራከረም። እኛም እርሱ ባለበት «እናሳክመው» ለማለት አፈርን። በመጨረሻ እርሱ ራሱ «እኔ የፊት እግሩን እይዛለሁ» አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ አልጠየቅነውም። ኋላ አክስቱ ስልክ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁት «ውሻው በላ?» ብለው ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ያነሣነው እኛ ስለ ነበርን ለምን እንደሚጠይቁ ደፍረን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ መብላት የከለከለውን መድኃኒት አውቀዋለሁ» አሉን።

ለሕፃኑ የሚገባውን መድኃኒት ለውሻ ሰጥተን እንደ ሆነ ሐኪሟን ደግመን ጠይቀናቸዋል። ነገሩን አላድበሰበሱትም። መቻል 16 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚወስደው መድኃኒት አንድ ሚሊግራም ከሚይዘው ብልቃጥ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያው ቀን ሌላ በሽተኛ ውሻ ከተገኘ አንዱ ብልቃጥ ለሁለት ይሆናል፤ ዋጋውም ለሁለት ይከፈላል። «እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሚዛኑን እናንተ ያዙ» አሉን። ይህን ክርክር እስከ ዛሬ አልጨረስነውም። የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ መቻልን ከቀለበት መንገድ ማዶ ብንጥለው አንድም ሕፃን በዚያ ምክንያት አይድንም ነበር፤ በዚያ ማዶ ያሉ ውሾች ግን ይታመሙ ነበር።

ሁለተኛው በሽተኛ ከጎረቤት ተገኘ። የሚቀጥለው ቤት ዘበኛ ቡቺ የምትባል ቡኒ ውሻ ነበረችው፤ እርሷም ስትደማ ከርማለች። ዘበኛው ደሙን የወር አበባዋ መስሎት ነበር፤ ብዙ ሰው ሴት ውሻ ስትታመም እንዲሁ ይመስለዋል። ሕመሙ ከማን ወደ ማን እንደ ተሻገረ መናገር አይቻልም፤ ጋብቻቸውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ሆኖ የዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ሁለቱን ውሾች ይዘን ሄድን።

አሠራሩ ይህ ነው። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ደም ይወሰዳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ይቆጠራሉ። መድኃኒቱ ነቀርሳውን ሲያጠቃ እነርሱንም ስለሚቀንስ ቁጥራቸው ካነሰ መርፌው ይዘገያል። ከዚያ የፊት እግሩ ጠጉር ይላጫል። ውሻው ከቶ መንቀሳቀስ የለበትም፤ መድኃኒቱ በደም ሥሩ ውስጥ ሲሆን ያድናል፣ አንድ ጠብታ ከደም ሥሩ ውጭ ቢፈስ ግን ሥጋውን ያቆስላል። ስለዚህ አንዱ ራሱን አቅፎ በጆሮው ያናግረዋል፤ አንዱ ወገቡን ይይዛል፤ ያ ጓደኛችን እግሩን ይይዛል፤ አራተኛው ለሐኪሟ ጥጥ ያቀብላል። መርፌው ራሱ ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉ የከበደው መንገዱ ነበር። የሚኒባስ ረዳቶች ውሻ ሲያዩ በሩን ይዘጋሉና በብዙው ሐሙስ በእግር ሄደናል። የመጀመሪያው ቀን ሰው ቆሞ አየን፤ በሦስተኛው ግን «ዛሬ ስንተኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለ ሱቅ አገኘን።

ከመርፌው በኋላ ላሉት ጥቂት ቀናት መድኃኒቱ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ስለሚወጣ በጓንት መጥረግ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡር ሴቶችን ማራቅ ያስፈልጋል። በግቢው ጥግ አንድ ቦታ ከለልንለት። ተራ አውጥተን በወረቀት ጽፈን በበሩ ላይ ለጠፍን፤ በፈተና ሰሞን ተራውን የሸጠም ነበረ፤ ዋጋው ሁለት ማኪያቶ ነው።

ምግቡ ግን ፈተና ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት መቻል ሁለት ቀን አልበላም፤ በሮቶው ሥር ገብቶ ተኛ። ጊዜው ጾም ነው፤ የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል፤ በደኅናው ቀን ከእነርሱ ይገኝ የነበረው ቅንጥብጣቢ የለም። እንጀራ በሽሮ አሸትቶ ትቶታል። ራቅ ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት አጥንት ገዝተን መጣን፤ እትዬ ግን ሑዳዴ ጿሚ ናቸውና የሥጋ ሽታ ወደ ማድቤታቸው እንዳይገባ ከለከሉ። በዚህም አልተቀየምናቸውም። አሮጌ ድስት ሰጡንና በአጥሩ በር አጠገብ በከሰል ምድጃ መቀቀል ጀመርን። ከሩዝ ጋር አድርገን በእጃችን ስናቀርብለት መጀመሪያ መረቁን ላሰ፤ በማግሥቱ በላ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ በጾም ሥጋ የሚቀቅሉ ተማሪዎችን አይቶ አንድ ነገር ሳይል አላለፈም። አንድ አረጋዊ ቆመው «ለማን ነው?» አሉ፤ ለታመመ ውሻ መሆኑን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እርሱ ጾም የለበትም» ብለው ሄዱ።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ዕጢው ግማሽ ያህል ጠፋ፤ ደሙም ቆመ። በአራተኛው ሳምንት የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር ስላነሰ ሐኪሟ ሳይወጉት መለሱን። በአምስተኛው ሐሙስ አራተኛውን ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ በዓይን የሚታይ ነገር አልቀረም። እዚህ ላይ ገንዘባችን አልቆ ነበር። ከጓደኞቻችን «ድኖ የለም ወይ? በቃ» ያለን ብዙ ነው። ሐኪሟ ግን ዓይን የማያየው ሕዋስ ከቀረ ዕጢው ተመልሶ እንደሚበቅል፣ ሕክምናው ተቋርጦ የተመለሰ ዕጢም አንዳንድ ጊዜ ለዚያው መድኃኒት እንደማይበገር አስረድተው ሁለት መርፌ ጨመሩ። ገንዘቡ ከምሳችን ወጣ። ስድስተኛውንና የመጨረሻውን የወሰደው ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። በፋሲካ ጧት እትዬ የበጉን አጥንት ይዘው ወደ ደረጃው ወጡና «መቻል! ና ግደፍ» ብለው ጠሩት።

የቡቺ ነገር እንዲህ አልሆነም። ሦስት መርፌ ከወሰደች በኋላ ዘበኛው ለቡ አካባቢ ሌላ ሥራ አገኘና ይዟት ሄደ። ደሟ ቆሞ ነበርና የዳነች መሰለችው፤ ደመወዙንም ለምናውቅ ሰዎች በእርሱ መፍረድ አይገባንም። በክረምቱ መካከል አንድ ቀን በዝናብ ርሳ በአጥራችን በር ላይ ተኝታ አገኘናት። ከለቡ ብቻዋን መጥታለች። ደም እንደ ገና ያንጠባጥባታል፤ በአፍንጫዋም በኩል ትንፋሿ ይከብዳታል፤ በዚህ ሕመም ዕጢው በአፍንጫ ውስጥም ሊበቅል እንደሚችል ሐኪሟ ነግረውናል። ዘበኛውን በስልክ አገኘነው። «እናንተ ዘንድ መሆኗ ደስ ይለኛል» አለ፤ ድምፁም ሰውዬው ከልቡ መናገሩን ያሳይ ነበር።

መቻልን በግንቦት አኮላሽተነዋል፤ ይህን በሽታ ከሰፈር ለማጥፋት ከመርፌው ይልቅ ይህ ይጠቅማል፤ ዋጋውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጓደኛችን አክስት ተራቸው ደርሶ ሕክምናቸውን ጀምረዋል። ለቡቺ ግን ከመጀመሪያው መርፌ መጀመር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው ይሥራ አይሥራ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይታያል። የብልቃጡን ሁለተኛ ግማሽ የሚጋራ ሌላ በሽተኛ ውሻ በሰፈራችሁ ካለ ለሐኪሟ ብትነግሩ ለሁላችንም ይቀላል። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ጓደኛችን በዚህ አዳራሽ ካለም እንፈልገዋለን፤ ከአራታችን አንዱ ለትምህርት ወደ ጎንደር ስለ ሄደ ወገቧን የሚይዝ ሰው አጥተናል። የምንነሣው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት፣ ከብሥራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በር ነው።